ባሌ ያቃናልኝ ትእዛዝ

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሁሉ ስለ ባሌ አንድ ነገር ነው የተናገሩት፤ ደግ ነበር አሉ። ዓመት ሊሞላው ነው፣ አሁንም መንገድ ላይ የሚያገኙኝ ይህንኑ ይሉኛል። እኔም አንገቴን ደፍቼ «አዎ፣ ደግ ነበር» እላለሁ። ደግነቱ ምን እንዳደረገን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። የምጽፈው እሱን ነው። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፤ በሳምንት አንድ ገጽ፣ አንዳንዴም ግማሽ። ስናደድ አቆማለሁ።

እኔ ቢቸና በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተርና የኔትወርክ ሠራተኛ ነኝ። እሱ ሞጣ የአማርኛ መምህር ነበር። ስንጋባ ለአንድ ዓመት ነው፣ ዝውውር እንጠይቃለን ተባብለን ነበር። ስድስት ዓመት ሆነ። በደብረ ወርቅና በግንደወይን በኩል ያለው መንገድ ደህና ቀን ከሆነ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ግን መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት፣ መኪና ሲገኝና ሲጠፋ፣ ሳንተያይ ሁለት ወር የሚያልፍበት ጊዜ ነበር። ስንገናኝም አንድ ሌሊት ወይም ሁለት አድረን ነው የምንለያየው። ልጁንም አንድ ቤት ስንገባ እንወልዳለን ብለን አቆየነው። እዚህ ላይ ስደርስ ሁለት ሳምንት ምንም አልጻፍኩም።

አንድ ቀን ሞጣ ላይ የኔትወርክ ባለሙያ መደብ መከፈቱን ሰማን። ለመወዳደር ግን አንድ ወረቀት ይጠይቃል፤ ዓለም አቀፉን የኔትወርክ ፈተና አልፎ የሚገኝ የምስክር ወረቀት። ፈተናው አዲስ አበባ ነው የሚሰጠው፣ በኮምፒውተር፣ በእንግሊዝኛ። ዲግሪ አለኝ፣ ገመድ እዘረጋለሁ፣ የተበላሸ እጠግናለሁ፤ ያ ወረቀት ግን አልነበረኝም። ማመልከቻው የሚዘጋው ክረምቱ ሳይገባ ነበር። እስከዚያ ፈተናውን ካለፍኩ አንድ ቤት እንገባለን፤ ካላለፍኩ ባለንበት እንቀጥላለን። ነገሩ ይኸው ነበር።

የፈተናው ከባዱ ክፍል የራውተር ትእዛዝ ነው። ራውተር አንዱን ቢሮ ከሌላው፣ አንዱን ከተማ ከሌላው የሚያገናኝ ሳጥን ነው። በራሱ ምንም አያውቅም፤ በየትኛው በር ምን አድራሻ እንዳለ፣ መልእክቱን በየት በኩል እንደሚልክ፣ ሁሉንም በቁልፍ ሰሌዳ እየጻፉ ማዘዝ ነው። አንድ ትእዛዝ ከጎደለ አይሠራም። መጽሐፉን ፎቶ ኮፒ አስደርጌ ነበር። የምለማመድበት ራውተር ግን አልነበረኝም። የመሥሪያ ቤታችን ራውተር ሥራ ላይ ያለ ነው፤ ልለማመድበት ብዬ ብነካው ቢሮው ሁሉ ይቆማል። ራውተርን የሚያስመስል ፕሮግራም አለ፤ እሱ ደግሞ በኢንተርኔት ካልገቡ አይከፈትም፣ ኢንተርኔት በዚያን ጊዜ ለወራት ጠፍቶ ነበር። የሚሠራው ስልክ ነው፤ እሱም ለመነጋገር ብቻ።

ለገና ሞጣ ስሄድ ግን ባሌ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ጥግ ላይ አንድ አሮጌ ራውተር አየሁ። በእርዳታ የመጣ ነው፤ ማንም ሳይነካው አቧራ ለብሶ ተቀምጧል። ርእሰ መምህሩን አስፈቅደን ከአንድ ኮምፒውተር ጋር በገመድ አገናኘሁትና ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር መስኮት እንዴት እንደሚከፍት ለባሌ አሳየሁት። እሱ ከኮምፒውተር የሚያውቀው የፈተና ጥያቄ መጻፍ ብቻ ነበር።

«እኔ በስልክ የምልህን ትጽፋለህ፤ የሚመልሰውን ታነብልኛለህ። በቃ» አልኩት።

«ምን እንደምጽፍ ሳላውቅ?»

«ሳታውቅ።»

«ይኸማ የድሮ ትምህርቴ ነው» ብሎ ሳቀ። ልጅ ሆኖ ሞጣ አካባቢ ካለ አንድ ደብር ዳዊት ደግሟል፣ ኋላም ቅኔ ተምሯል። ትርጉሙን ሳያውቁ ቃሉን መያዝ የለመደው ነገር ነው።

እንዲህ ጀመርን። በሥራ ቀን ሁሉ፣ ከአሥራ አንድ ተኩል በኋላ፣ እሱ ክፍል ሲጨርስ እኔም ሰዉ ከቢሮ ሲወጣ ስልክ እንደዋወላለን። እኔ መጽሐፉን ዘግቼ በቃሌ እላለሁ፤ እሱ ስልኩን በትከሻና በጆሮው መሐል ይዞ በሁለት ጣት ይጽፋል። መጀመሪያ ሰሞን ፊደል በፊደል ነበር የምነግረው። እሱም እያንዳንዷን ይደግምልኛል፤ አንዲት መስመር ለመጻፍ ሩብ ሰዓት የፈጀብን ቀን አለ። ወር ሳይሞላ ግን ቃሉን እንደጀመርኩት ይጨርሰው ጀመር። ቃል የሚይዝ አእምሮ ነበረው። «ኢንተርፌስ» ስል ከወዲያ በኩል የቁልፍ ሰሌዳው ድምፅ ይቀድመኛል።

ያን ጊዜ ደስ ይለኝ ነበር። ብዙ እንስቅ ነበር። ራውተሩን ሳጥኑ ነው የሚለው። መብራት ሲጠፋ ሳጥኑ አኩርፏል ይለኛል። አንድ ቀን፣ «አንቺ እዚያ ተቀምጠሽ እኔን ታዢኛለሽ፣ እኔ እዚህ ሳጥኑን አዛለሁ፤ ሳጥኑ ማንን እንደሚያዝ እንጃ» አለኝ። እኔን ነው የሚያዘው፣ አለቃዬ ነው ብዬ መለስኩለት።

የቀኑ ልምምድ የሚያልቀው በሙከራ ነው። ራውተሩ ወደ ሌላው ኮምፒውተር መልእክት ይልካል፤ መልእክቱ ከደረሰ ጥቁሩ መስኮት ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት ይደረደራል፤ ካልደረሰ ነጥብ ብቻ ነው የሚመጣው። ባሌ የአማርኛ መምህር አይደለም? ያን ምልክት ሲያይ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ቃለ አጋኖ፣ ቃለ አጋኖ፣ ቃለ አጋኖ» እያለ ይቆጥርልኛል። እኔም ስልኩን ዘግቼ እየፈገግኩ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ። ነጥብ አንብቦልኝ የሚያውቀው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነበር። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ነጥብ ሰምቼ አላውቅም። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም። ጎበዝ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ስለ ቅኔ መምህሩ ያወራኝ ነበር። ተማሪው ማታ ማታ የቆጠረውን ቅኔ ይዞ የኔታ ፊት ይቀርባል። ቅኔው የሚያነክስ ከሆነ የኔታ አይቆጡም፣ አያሳፍሩም፤ አንዷን ቃል አንሥተው ሌላ ይተኩበታል፣ ቤቱን ያቃኑታል፣ መልሰው ይሰጡታል። ተማሪው የተቃናውን የራሱ አድርጎ ይዞ ይሄዳል። እንዲህ እየተቃናለት ከርሞ አንድ ቀን የራሱ ቀጥ ብሎ ይወጣል። «የኔታ የሚሰሙት ልጁ የተናገረውን አይደለም፤ ሊናገር የፈለገውን ነው» ይለኝ ነበር። ደስ የሚል ወሬ ሆኖ አለፈኝ።

ለፈተናው አዲስ አበባ የሄድኩት መንገድ በተከፈተ በሦስተኛው ቀን ነው። ደጀን ላይ ለፍተሻ ብዙ ቆምን፤ ዓባይ ድልድይ ስንደርስ ደውዬለት የምታውቂውን ነው የሚጠይቁሽ አለኝ። በማግስቱ ስልኬንና ቦርሳዬን ተቀብለው አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጡኝ። የምርጫ ጥያቄዎቹ ደህና ነበሩ። ከዚያ እንደ እውነተኛ ራውተር በትእዛዝ የሚሠራው ጥያቄ መጣ። ያ የእኔ ነበር፤ የስንት ወር ሥራዬ። ሁሉንም በቃሌ እንደማወርደው ጻፍኩ፣ አድራሻዎቹን ሰጠሁ፣ ጨረስኩ፣ ሞከርኩ።

ነጥብ መጣ። አምስት ነጥብ።

እንደገና ሞከርኩ፤ አምስት ነጥብ። አድራሻውን አየሁ፤ ልክ ነው። አጥፍቼ ጻፍኩት። ነጥብ። ከየት እንደምጀምር አላወቅሁም። ሳጥኑ እምቢ ሲል ምን እንደሚደረግ አልተማርኩም፤ እኔን እምቢ ብሎኝ አያውቅማ። ሰዓቱ እየሄደ፣ ያንኑ አድራሻ አራት ጊዜ አጥፍቼ አራት ጊዜ ጻፍኩ። ጊዜው አለቀ። ውጤቱን ወዲያው አትመው ሰጡኝ። ወድቄአለሁ፤ በብዙም አይደለም። ዝቅ ያለው ያ ክፍል ነው።

ምክንያቱን ያገኘሁት ያረፍኩበት ክፍል ገብቼ ፎቶ ኮፒውን ስከፍት ነው። የራውተር በር ከፋብሪካው ሲወጣ ዝግ ነው። አድራሻ ስለሰጡት ብቻ አይከፈትም፤ ከአድራሻው ቀጥሎ «ኖ ሻትዳውን» ተብሎ ይጻፋል፤ ተዘግተህ አትቅር እንደ ማለት ነው። በመጽሐፉ ውስጥ በየገጹ አለ፤ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ግን በአፌ ያልኩት መቼ ነበር? አልጋው ላይ ቁጭ ብዬ ማስታወስ ሞከርኩ። አላስታወስኩም። እኔ ሳልል በሩ እንዴት ሲከፈት ከረመ?

ደወልኩለት። መውደቄን ነገርኩት፤ ሊያጽናናኝ ጀመረ። አቋረጥኩት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። አድራሻውን ከነገርኩህ በኋላ ምን ትጽፍ ነበር?»

«ኖ ሻትዳውን እጽፍ ነበር» አለ።

«እኔ ሳልልህ?»

«መጀመሪያ ሰሞን ትዪ ነበር። ኋላ ስትተዪው፣ የምታውቂውን መድገም የሰለቸሽ መሰለኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላም አለ። በአንዳንድ ትእዛዝ ላይ ተገልብጦ የሚጻፈውን ቁጥር ሳትገለብጪ ስትነግሪኝ ገልብጬ እጽፍልሽ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ደክሞሽ ነው የምትደውዪው። ሳጥኑ እምቢ ሲል ድምፅሽ ይወርዳል። ምን ለማለት እንደፈለግሽ አውቀው ነበር እኮ።»

እውነቱን ነው የተናገረው። ምንም ክፋት አልነበረበትም። የተማረበትን መንገድ ነው ያደረገልኝ፤ ሲያነክስ አቃንቶ መስጠት። ግን ሳጥኑ የኔታ አይደለም፤ ፈተናውም ሊናገሩ የፈለጉትን አይሰማም። እኔ ያን ጊዜ ይህን ሁሉ ረጋ ብዬ አላሰብኩትም። ያልኩት ይህን ነው፦ «አንተ አቃናኸው፣ እኔ ወደቅሁ። የጣልከኝ አንተ ነህ። ነገውኑ ሳጥኑን ነቅለህ ወደ ጥጉ መልስ፤ ከእንግዲህ አትርዳኝ፣ ብቻዬን እማራለሁ።»

«እሺ» አለ።

በማግስቱ መለሰው። እሺ ካለ እሺ ነው።

ክረምት ገባ፤ መደቡን ሌላ ሰው ወሰደው። እኔም አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን ከመጽሐፉ ጋር ብቻዬን መቀመጥ ጀመርኩ፤ እንደገና እስክፈተን ብዬም ሞጣ መሄዱን ተውኩት። ባሌ ይደውላል፣ ግን የምናወራው አጣን። ዝናቡ እንዴት ነው፣ ጤፉ እንዴት ነው፣ አከራይህ ደህና ናቸው ወይ፤ በቃ። ያን ሁሉ ወር በየቀኑ አንድ ሰዓት ሙሉ ስናወራ፣ ስለ ሳጥን የምናወራ ይመስለኝ ነበር። ትዳራችን ያቺ ሰዓት እንደነበረች የገባኝ በገዛ አፌ ካስቀረኋት በኋላ ነው። መልሰን እንጀምር ለማለት ኩራቴ አልፈቀደልኝም። እሱም አልጠየቀኝም፤ አትርዳኝ ብዬዋለሁና።

«ደህና ነህ?» እለው ነበር ስልኩን ልዘጋ ስል።

«ደህና ነኝ» ይላል።

መስከረም አልፎ አንድ ጠዋት ከሞጣ ስልክ ተደወለልኝ። የደወሉት አከራዩ ነበሩ፤ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚነግዱ ሙስሊም እናት ናቸው፣ እንደ ልጃቸው ነው የሚያዩት። ሌሊት ታሞብን ልጆቼ በቃሬዛ ሐኪም ቤት አድርሰውታል፣ ነይ አሉኝ። መንገድ ተዘግቶ ነበር። ከመናኸሪያ መናኸሪያ ስል፣ የሚወስደኝ ሰው ስለምን ሁለት ቀን አለፈ። በሦስተኛው ቀን በእግርም በመኪናም ብዬ ስደርስ ተቀብሮ ነበር። የትምህርት ቤቱ መምህራንና የአከራዩ ልጆች ናቸው አጅበው የቀበሩት።

ኩላሊቱ ነው አሉ። አከራዩ አጠገቤ ተቀምጠው እጄን ይዘው አለቀሱ። «ሁለት ወር ሙሉ ጎንበስ ብሎ ነበር ከቤት የሚወጣው፣ ልጄ» አሉኝ። «ለሚስትህ ንገራት ስለው ፈተና አለባት፣ አሳቧን አልበትንባትም ይለኛል። እኔ ልደውል ስል ስልኬን ነጥቆኝ ሳቀ።»

ሁለት ወር። ደህና ነኝ ሲለኝ የነበረባቸው ሁለት ወራት ናቸው። የራሱንም ጤና አቃንቶ ነው ያነበበልኝ። ነጥቡን እያየ ቃለ አጋኖ ሲቆጥርልኝ ከርሟል፤ እኔም እንደ በፊቱ አምኜው ስልኬን ዘግቼ ወደ ቤቴ ስሄድ ነበር። ብነግርሽ ድምፅሽ ይወርዳል ብሎ ነው። በጊዜ ብሰማ አዲስ አበባ እወስደው ነበር፤ መንገዱ በእነዚያ ሳምንታት ክፍት ነበር፣ ቆጥሬዋለሁ። መቃብሩ አጠገብ ሴቶቹ ደንግጣ ነው እንባ የጠፋባት እያሉ ሲያዝኑልኝ ሰማሁ። ደንግጬ አልነበረም። ተናድጄ ነበር። አሁንም ነኝ። በደግ ሰው መናደድ ከባድ ነው፤ የሚያግዝህ አታገኝም።

ከአርባው በኋላ ኢንተርኔት ተመለሰና ያ ፕሮግራም ተከፈተልኝ። ያለ እሱ መቀመጥ ስላልቻልኩ ይሁን፣ የጀመርነውን ለመጨረስ፣ አላውቅም፤ እንደገና ማጥናት ጀመርኩ። ሁሉንም ሆን ብዬ ማበላሸት ልማዴ ሆነ። በሩን ዘግቼ እሞክራለሁ፣ ቁጥሩን አዛብቼ እሞክራለሁ፣ ነጥቡ ሲደረደር ቁጭ ብዬ አየዋለሁ፤ ከዚያ ከየት እንደተበላሸ እፈልጋለሁ። ማንም አያቃናልኝም። በዚህ ዓይነት አራት ወር ተማርኩ፤ ሄጄ ተፈተንኩ፤ አለፍኩ። ወረቀቱ መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ያን ቀን ልደውልለት ስልኬን አውጥቼ ነበር።

ሞጣ ሌላ መደብ ተከፍቶ ስለነበር የዝውውር ጥያቄዬን ላሳድስ የሰው ሀብት ክፍል ሄድኩ። ኃላፊው ለቅሶ የደረሰልኝ፣ ጥሩ ሰው ነው። ወንበር ሰጠኝ፣ የድሮ ማመልከቻዬን ከፋይሉ አወጣ፣ የምስክር ወረቀቱን ቅጂ አያያዘበት። ከዚያ አንድ መስመር ላይ ቆመ። የዝውውሩ ምክንያት የሚለው ቦታ ላይ በእጄ ጽሑፍ «ከባለቤቴ ጋር አብሮ ለመኖር» ይላል።

«እኅቴ፣ ይህችን እንኳ እንቀይራት» አለኝ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ። «በጤና ምክንያት ብዬ ልሙላልሽ። ማንም አይጠይቅም፤ ያልፋል።» ብዕሩን አንሥቶ ነበር።

እጄን ወረቀቱ ላይ አደረግሁ። «ተወው» አልኩት። «እንዳለ ይሂድ።»

«ይመለስብሻል እኮ።»

«ይመለስ።»

ሞጣ መሄድ አልፈልግም ነበር ማለቴ አይደለም። መቃብሩ እዚያ ነው። ግን ሞጣን የፈለግሁት ለአንድ ነገር ነበር፤ ስድስት ዓመት የፈለግሁት እሱን ነው፤ እሱን ፍቆ ሌላ የሚጽፍልኝ እጅ አልፈለግሁም። ለእኔ ብሎ የሚያቃናልኝ ሰው ከእንግዲህ እንዲኖር አልፈልግም።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ተመለሰ። ኃላፊው አስጠርቶኝ ወረቀቱን ገልብጦ ሰጠኝ፤ እንዳላነበው ይሁን እንዳያፍር አላውቅም። እዚያው ቆሜ አነበብኩት። የቀረበው ምክንያት በአሁኑ ጊዜ ስለሌለ ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም ይላል። ማኅተም አለበት። ኃላፊው ነግሬሽ ነበር አለኝ፤ አዎ፣ ነግረኸኝ ነበር፣ እግዜር ይስጥልኝ ብዬው ወጣሁ። በዚያ ወረቀት አልተናደድኩም። ስድስት ዓመት በጠየቅሁት ጥያቄ ላይ እንዳለ የተነገረኝ መልስ እሱ ብቻ ነው።

የሙት ዓመቱ በመጪው ወር ነው። አከራዩ ክፍሉን ለሌላ መምህር አከራይተውታል፤ እኔ ጋ ታድሪያለሽ ብለውኛል። ዓርብ ከሥራ ወጥቼ ሞጣ እሄዳለሁ። ሁለት ሌሊት አድሬ እሑድ ወደ ቢቸና እመለሳለሁ፤ እሱ በነበረበት ጊዜ እንደማደርገው።